ጉድፍ

ብርዱ የጠባሴን ቆርቆሮ ሲቆጥር፣
ጋቢዬን ደርቤ፣ እንደ ዘበኛ አዳር፣
ከስክሪኑ ብርሃን ደጅ እቀመጣለሁ።
ቀን ፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ እሸጣለሁ፤
ማታ ግን ሰማይ ነው እጄ የሚጠግነው፣
ሥራዬ የደከመች ፀሐይ ማስታመም ነው።
ማንም አላዘዘኝ፣ ማንም አይከፍለኝም፤
ደስ ስለሚለኝ ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።
እህቴ አስካለ «ፎቶ ማጠብ ድሮ ቀርቷል፤ ምን ስታጥብ ታድራለህ?» ስትል፣
«ዓይኔን» እላታለሁ፤ ትስቃለች፣ ደግሞ ታዝንልኛለች መሰል።

ቅዳሜ ጣርማ በር፣ ከዋሻው መውጫ ላይ፣
ጉሙ ተሰንጥቆ ቆላው ብቅ ሲል፣ ሲታይ፣
ሦስቴ ቀጭ አድርጌ ጣቴ ደነዘዘ፤
ከሦስቱ በአንዲቱ ልቤ ተያዘ።
የማሽላው እርከን፣ ወደ ሮቢት የሚወርደው መንገድ እንደ ክር፣
ብርሃን በገደሉ ትከሻ ሲንቆረቆር፤
ሁሉም ልክ ነው። ግን መሐሉ ላይ ቆሟል
አንድ የመብራት ምሰሶ፤ ሽቦው ሰማዩን ገምሷል።

«ይሄስ ይነሣ» አልኩ። አጎላሁት፣ አጎላሁት፤
የማህተሙን ብሩሽ ጉም ውስጥ ነክሬ ሽቦውን ጠረግሁት።
ጉም ቀድቶ ሽቦ ላይ፣ ድንጋይ ቀድቶ እንጨት ላይ፤
እንዲህ ነው ጥበቡ፦ ከጎረቤት ቆርሶ ጎደሎን መሸፈን፣ ሳይታይ።
ምሰሶው ጫፍ ስደርስ አንዲት ጥቁር ጉድፍ፤
የሌንሴ አቧራ መሰለችኝ፣ ወይ ወፍ።
ልደመስሳት ጣቴን ሳነሣ
ድርግም!
መብራት ሄደ።

ሳቄ መጣ። እኔ በሥዕል የነቀልኩት ምሰሶ
መሬትም ላይ ወድቆ ይሆን ተገርስሶ?
የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ሁለት ክረምቱ፤
ሴቭ ያላደረግሁትን የአራት ሰዓት ልፋት ጨለማ በላው በከንቱ።
ግቢያችን ውስጥ ሸዋንግዛው ወጣ፣
እግሩ ላይ የሚያስራቸውን የብረት ጥፍሮች ተሸክሞ፣
«ትራንስፎርመር ነው» አለ፤ ሄደ አዝግሞ።
ጎረቤቴ ነው፣ ስድስት ዓመት፤
ስለ ሥራው ግን አልጠየቅሁትም አንድም ዕለት።

ሲነጋ መብራት መጣ። ፎቶው እንደነበረ፤
ምሰሶውም ሳይነካ ቆሞ ያደረ።
ደግሜ አጎላሁት፦ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አራት መቶ፤
ጉድፏ እግር አወጣች፣ ቀበቶ አወጣች፤ ቢጫ ቆብ ወጣ ፈክቶ።
ሰው ነው።
ምሰሶው ላይ በወገቡ የተንጠለጠለ፣
ጉም እስከ ጉልበቱ የዋጠው፣ ከዓለም የተነጠለ።

«ሸዋንግዛው፣ ቅዳሜ የት ነበርክ?» አልኩት።
«ጣርማ በር፤ ነፋሱ አፈር ድሜ አስጋጠኝ» አለ። አሳየሁት።
አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋ፤
ትንፋሹ መስታወቱን ጉም አለበሰው፣ እንደዚያው ደጋ።
«ፊቴስ?» አለኝ።
ፊቱ አራት ፒክስል ነው።
«አጉላውና ለማኅደር ልላክላት፤ ልጄ የት እንደምውል አታውቅም» አለ።
እንዴት ልበለው? ኮምፒውተሩ ከየት ያመጣል፣ ከሌለ?

ሦስት ሌሊት ታገልኩ። ጥላውን ከፈትኩ፣ ንፅፅር ጨመርኩ፣
አንዱን ነጥብ ለግንባሩ፣ አንዱን ለጉንጩ ሰጥቼ ሞከርኩ፤
ባበራሁት ቁጥር ከጉሙ ተስማማ፤
ዓይን ልሥልለት ብል፣ ራሴን ታዘብኩት፣ ጎረቤት እንደሚያማ።
ተውኩት።
ሽቦውን ብቻ ትንሽ አጠቆርኩ፣ እንዲታይ የያዘው፤
ቢጫውን በአንድ ፍሬ ጨመርኩ፣ ቆቡን እንዲያግዘው።
መናኸሪያው አጠገብ ካለው ማተሚያ ቤት በትልቁ አሳተምኩ፤
ዋጋውን ሲጠይቀኝ «በመብራት አስበው» አልኩ።

ይኸው ዓመት ሊሆነው ነው። ግድግዳው ላይ ሰቅሎት፣
ቆጣሪ አንባቢ፣ ወተት አምጪ፣ የዕድር ጸሐፊ በመጣ ቁጥር አስጠግቶት፣
«እቺ እኔ ነኝ» ይላል በሌባ ጣቱ።
ትናንት ገብቼ አየሁ፦ ወረቀቱ
እዚያች ቦታ ላይ ነጥቷል። ቢጫዋ ቆብ የለችም።
እኔ የማርኳትን ጉድፍ ጣቱ ጠርጎ ወስዷት፣ ለእሱ ግን አልጎደለችም።
ሌላ ላሳትምልህ ልለው አፌን ስከፍት፣
«እቺ እኔ ነኝ» አለኝ ደግሞ፣
ነጩ ላይ ጣቱን አቁሞ።