ዛፍ ገልብጥ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ሽምብጥ፤ ዝናብ ሊመጣ።
ከወገብ በላይ ሸሚዝ፣ ከወገብ በታች ቁምጣ።
የእትዬ ጥሩአየሁ ውሻ እንዳይጮህብኝ ፈርቼ፣
ዳቦ ገዝቼ፣ ሆዱን ሞልቼ፣ አባብዬ አስተኝቼ፣
ስልኬን ከመስኮቱ ብረት በጫማ ክር አንጠልጥዬ፣
«መብራቱን አደራ» ብዬ
(ለማን እንዳልኩት እንጃ)
ፈገግ አልኩ ለሰውዬው።

ደግ ሰው ነው፤ አልዋሽበትም።
ስሜን ሞከረውና «ይበል…» ላይ ሲደርስ ተወው፤
ይበል፣ አልኩ እኔም በልቤ፣ «ጣል» የምትለውን ዋጥኳት።
ከኋላው የቀትር ፀሐይ፣ ከኋላዬ የወባ አጎበር።
«አንድ ዛፍ አለ» አለኝ፣ «እስቲ ገልብጥልኝ፤
ሃያ አምስት ደቂቃ አለህ።»

ይህቺን ዛፍ አውቃታለሁ።
ፖሊ ግቢ፣ ከምናልኩ ጋር፣ በጠመኔ ገልብጫታለሁ፤
በጣቴም፣ በባጃጅ መስታወት፣ በአቧራው ላይ።
የነሱ ዛፍ ሥሯ ከላይ፣
ቅጠሏ ወደ ታች ነው።
ገለበጥኳት። ቆመች። ሠራች።
«ግሩም» አለ። «እናሳውቅሃለን።»
መብራቱም አደራውን ጠብቆ
ከዚያ በኋላ ሄደ።

በዘጠነኛው ቀን ደብዳቤ።
ድሮ ከላይ ነበር የምጀምረው፣ በቀስታ፣ ቃል በቃል፤
አሁን ዓይኔ ዘሎ «ግን»ን ይፈልጋል።
«ግን» ካለች አለቀ። ከሷ በፊት ያለው ምስጋና
መርዶ ነጋሪ ቁጭ ብሎ
ስለ ዝናቡ እንደሚያወራው ነው።

ይቺ ሰባተኛዬ ናት።
በመጀመሪያዋ አልቅሻለሁ።
በአምስተኛዋ ምናልኩ ቢራ ጋበዘኝ፤
እሱ ያን ሰሞን ተቀጥሮ ነበርና
ቢራው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
ስድስተኛዋን ለማንም አልተናገርኩም።

እናቴ ከአዴት ትደውላለች፦ «ልጄ፣ ቀጠሩህ ወይ?»
«ቀጠሩኝ፣ እማ» እላለሁ።
አልዋሸሁም። ለማክሰኞ ቀጠሩኝ፣ ለሐሙስ ቀጠሩኝ፣
ከሁለት ሳምንት በኋላም ቀጠሩኝ።
አማርኛ ደግ ነው፤ ለእናት የሚሰጥ ሰም አያጣም።
ወርቁን እኔ ይዤው አድራለሁ፤
ወርቅ ደግሞ፣ ሲተኙበት፣ ይቆረቁራል።

ዛሬ ሰው ሳይነሳ ወደ ሐይቁ ወረድኩ በዝምታ።
እምቦጩ ዳሩን ይዞታል፤
አምና ነቅለውት ነበር፣ በጭብጨባ፣ በእልልታ።
አባ እንድሪስ ታንኳቸውን ከዋርካው አስደግፈው
አቁመዋታል፤ ውሃዋ ይንጠባጠባል።
«ምን ሆና ነው?» አልኳቸው።
«ምን ትሆናለች? ደንገል አይደለች፣ ውሃ ትጠጣለች።
ጠጥታ ስትከብድ ማውጣት፣ ማቆም፣ ማድረቅ ነው።»
«እስከ መቼ?»
«እስክትበሰብስ።»
«ከዚያስ?»
እንደ ሞኝ አዩኝ፤
በአገጫቸው ማዶ የቆመውን ደንገል አሳዩኝ።

ጎንበስ ብዬ ውሃውን አየሁ።
ዋርካው ተገልብጧል። ሥሩ ከላይ፣ ቅጠሉ ከታች፣
አንዲት ቅርንጫፍ ሳትጎድል፣
ሃያ አምስት ደቂቃ ሳይፈጅ።
ጣናን ማንም አልቀጠረውም።
ማንም «ግን» አላለውም።
ቆሮሶ ዘለለችና ዛፉ ተበተነ፤
ትንሽ ቆይቶ መልሶ ገጠመ።

ተጽናናሁ አልልም። ኪራይ ደርሷል፣ ቁርስም አልበላሁ።
ቤት ገብቼ ሸሚዟን አጠብኳት፤ አንገትጌዋ ላብ ጠጥቷል።
ከገመዱ ላይ ሰቀልኳት፤ ውሃዋ ይንጠባጠባል።
ስምንተኛው ማክሰኞ ነው፤ ሌሊት፣ በስምንት ሰዓት።
ውሻው ከወዲሁ ጅራቱን ይቆላል፤
ዳቦዋን ለምዷታል።