ድስቱ ሳይወርድ

«አጥፍተህ ጫነው» አለኝ ለሊሳ፣ የጥገና ሱቁ ልጅ፣
«ሃያ ደቂቃ ነው። ምን ያሳሳሃል እንደ ወዳጅ?»

እንዴት ልንገረው፣
በዚህች አሮጌ ላፕቶፕ ሆድ የብሎካችን የዘጠኝ ዓመት ዕዳ አለ፣
የውሃ ሞተር መዋጮ፣ የጥበቃ ደሞዝ፣ ማን ከፈለ፣ ማን «ነገ» አለ፤
ደግሞም ያንን ነጭናጫ ፕሪንተር የምታባብልበት መላ፣
ሦስት ክረምት ፈጅቶ ያስተማርኳት፣ ራሴ የረሳሁት ኋላ።

እናም ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣
የሌሊት ጥቅል ገዝቼ ተቀመጥኩ ፊቷ፣ እንደ አዋላጅ ሴት።
መጀመሪያ ቅጂ፣ በፍላሽ። ደግሞ በሌላ ፍላሽ።
ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤
እኔ ለኮሚቴው ነኝ።

ከዚያ አንዲት ፋይል ከፈትኩ፣
ከየትኛው ምንጭ እንደምትቀዳ የተጻፈባት።
አንዷን ቃል ሰረዝኩ፦ «የረጋው»።
አንዷን ጻፍኩ፦ «የሚንከባለለው»።
ያቺው ናት።

አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ጥቅል ወረደ፤ ከዚያ መተካካት፣
እንደ ጠዋት ሚኒባስ፦
አሮጌው ሲወርድ አዲሱ ወንበሩን እየያዘ፣
ታክሲው ግን ሳይቆም እየተጓዘ።

አቶ ጉርሜሳ፣ ሊቀመንበራችን፣ ቀን ላይ ሰምተው
«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለውኛል።
እውነት ነው። ግን ስለ ወጡ ማን አወራ?
እሳቱ እየነደደ፣ አንዱን ጉልቻ ስበህ ሌላውን ስትተካ፣
ድስቱ ሳይወርድ፣ ክዳኑ እንኳ ሳይነካ፣
እስቲ ሞክሩት።

አሥር ሰዓት፣ ስልሳ አንድ በመቶ ላይ፣ መብራት ሄደ።
ልቤም አሳንሰር እንደሌለው ሕንፃ ሰው
በደረጃ፣ አንድ በአንድ፣ ወረደ።
ባትሪው «አርባ ደቂቃ» ይላል። ባትሪ ምን የማይለው አለ?
ግማሿ የአምና፣ ግማሿ የዛሬ፣
ወንዝ መሀል የቆመች በቅሎ፣
ወደፊቱም ወደኋላውም እኩል የራቃት።
አልነካኋትም። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ደበቅኩ።

ከቂሊንጦ በኩል አዛን ሲሰማ
አጥፍቼ አበራኋት።
ጥቁር።
አሁንም ጥቁር።
ከዚያ የይለፍ ቃሌን ጠየቀች፣
ያንኑ የድሮውን፣ ምንም እንዳልሆነ።

ረፋድ ላይ መብራት መጣ፤ ፕሪንተሩ ተነጫንጮ ተፋ፦
የአቶ ጉርሜሳ የሦስት ወር ውዝፍ ማሳሰቢያ።
ወረቀቱን ራቅ፣ ቀረብ አድርገው አዩና
«ታዲያ ምኑ ተቀየረ?» አሉ።
«ሁሉም» አልኩ፣ «ከዕዳው በቀር።»
አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ማታ ስከፍታት፣ አርባ ሁለት አዲስ ጥቅል በር ላይ ቆሟል።