ምርቃት

ቱሉ ዲምቱ ጠርዝ፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
ኮረኮንች ሲጀምር፣ አቧራው ሲነሳ፣
አጠና እሸጣለሁ።
ቁመቴ ጠቀመኝ፣ ዛሬም አልተረሳ፤
መሰላል ሳልፈልግ ከክምሩ አናት ላይ
ያሻኝን አወርዳለሁ።
ጉልበቴ ደግሞ ይተነብያል፤
በየረር በኩል ደመና ሳይታይ
«ዝናብ ይመጣል» ይላል።

አስራ አንድ ዓመት በደሞዝ ተጫወትኩ፣
ባሁን ሰው አነጋገር ፕሮፌሽናል ነበርኩ።
ክለቡ ይልቃልን ካዳማ ሲያስመጣ
አሰልጣኙ አሉ፦ «ያ ረጅሙም ይምጣ፣
ከደህና ገበያ ምርቃት አይታጣ።»
እንዲህ ነው የገባሁ፤
ኮንትራቴን ፈርሜ ከሳቁት ጋር ሳቅሁ።

ሥራዬ?
ሥራዬ መቆም ነው።
ይልቃል እንዲያልፍ፣
ደረቴን አስፍቼ፣ እጄን አጣጥፌ፣
የሚያሳድደውን በጎኔ አሳርፌ።
የነጥብ መዝጋቢው ወረቀት
ለገባ አምድ አለው፣ ለሳተ አምድ አለው፣
ሪባውንዱ፣ ፋውሉ፣ ሁሉም ቦታ አለው፤
ለቆመ ሰው አምድ ማን አስምሮ ያውቃል?

አንዳንዴ አስባለሁ አጠና ስቆጥር፣
ጭቃ ቤት ሲሠራ፣ ማገሩ ሲታሰር፦
ጭቃው እስኪመረግ ማገሩ ይታያል፤
አንዴ ከተለሰነ
መንገደኛ ሁሉ «ቤቱ አማረ» ይላል።
በማገሩ የተመሰገነ ቤት ሰምቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ከሰዓት ነጭ ፒካፕ ቆመ።
ቦርጩ ቀድሞት ወረደ ይልቃል፤
«ድንበሩ! አንተ ነህ?» አቀፈኝ፣ ተገረመ።
ባለ ሁለት ፎቅ ጀምሯል ኮዬ ፈጬ፤
ሻይ አዘዝኩለት፣ ግንድ ላይ አስቀምጬ።

«ታስታውሳለህ» አለኝ፣ «የዋንጫውን ማታ?
ሁለት ሰከንድ ቀርቶ፣ በአንድ ነጥብ ተመርተን፣
ከማዕዘን ስለቃት… መረቡን ስትመታ…
አዳራሹ ሲናወጥ!»
«አስታውሳለሁ» አልኩት።

ያልነገርኩት፦
ኳሷ ስትገባ እኔ አላየሁም።
ተከላካዩ ሲበር በክርኑ መትቶኝ፣
ሁለት የጎን አጥንቴ ተሰንጥቆ፣ ወለሉ ተቀብሎኝ፣
በጀርባዬ ተኝቼ፣ ከጣሪያው አስራ ስድስት አምፖል
ሦስቱ መቃጠላቸውን እየቆጠርኩ ነበር፤
መግባቷን ከሰው ጩኸት ሰማሁ።
ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት፣ ያቺን ኳስ
በጆሮዬ ብቻ ነው የማውቃት።

መቶ ሃያ አጠና ጫንን። በዋጋ ተከራከርን፤
ዱሮ ኳስ አይለቅም ነበር፣ ዛሬ ብር አይለቅም።
ፎቁ ሲያልቅ መወጣጫው ይፈታል፣
ለማገዶ ይሸጣል፤
ሁለታችንም እናውቃለን፣ አላነሳነውም።

ከፍሎ ሞተር ሲያስነሳ
ቀጥ ያለችዋን፣ ቁጥቋጥ የሌለባትን መርጬ
ከጭነቱ አናት ላይ ወረወርኳት፤
በዕድሜዬ ከወረወርኩት፣ በደንብ ያረፈች እሷ ናት።
«ይቺስ?» አለኝ በመስኮት።
«ምርቃት።»

ማታውን ዘነበ።
ጉልበቴ ከጠዋት ነግሮኝ ነበር።