ማስቲሽ

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ኢዘዲን ጎሚስታ ቤት፣
ሾፌሮች ተራ ይዘው ጎማ ሊያስለጥፉበት፣
እኔ የሽቶ ብልቃጥ ይዤ ከመሃል ስገተር፣
«ለየትኛው መኪና?» ይለኛል በነገር።
«ለወረቀት» ስለው፣ ይስቃል እስኪያስለው፤
«ወረቀትም ተነፈሰ?» ሁሌ ቀልዱ ይኸው ነው።
ግን ይቀዳልኛል፣ በአሥር ብር፣ ጠብ ሳይል፣
ቢጫ፣ እንደ ማር የሚሳብ፣ አፍንጫ የሚያቃጥል።

ደህናውን ብሩሽ አልነክርበትም፤ አንዴ ከደረቀ
ፀጉሩን አጣብቆ እንጨት ነው፣ አለቀ።
ለዚህ የሚሆነው የክብሪት እንጨት ነው፤
ጫፉን በምላጭ አሹዬ ሳሙና የማስነካው።

ማኅተሙን የቀረጹልኝ ሽማግሌው አባ ጊሳ፤
ከበርጩማ ትራፊ ነው፣ ከመሬት ላይ ከሚነሣ።
ዋንዛ ላይ ጉሬዛ፦ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ያለ፣
ከነካባው፣ ከነጅራቱ፣ የሚናገር የመሰለ።

ጥቁሩስ ቀላል ነው፣ ተጭኜ አትመዋለሁ።
ነጩን ግን ከየት አመጣለሁ?
ነጭ ቀለም ይዋሻል፤
አረንጓዴ ላይ ሲያርፍ አመድ ይመስላል።
እውነተኛው ነጭ ወረቀቱ ነው። እሱን
ቀድሞ መሸፈን ነው፣ ቀለም ሳይነካ ፊቱን።

ከዚያማ መጠበቅ፤ ግን ጅማ ላይ፣ በሐምሌ፣
ሻሼም ሦስት ቀን ይፈጃል፣ እንኳንስ ሥዕሌ!
ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣ ዝናብ ከጅሬን ሲወርድ፣
ምድጃ ላስጠጋው ስል፣ ተይ ይለኛል ልምድ።
እሳት ካየ ይቀልጥና ከወረቀቱ ይዋሃዳል፤
ከቆየም እንደዚያው ነው፣ ሲነሣ ይዞት ይነሣል።
ወር። ቢበዛ ሁለት ወር።

ሲደርቅ፣ በአውራ ጣት ቀስ እያሉ ማሸት፤
እድፍ መስሎ ይጠቀለላል፤ ከሥሩ ያ ንጣት።

«ለኢድ ጦጣ?» ያለም አለ፤ «ጉሬዛ ነው» ብዬ፣
ካባውን አሳየሁት፣ ሸጥኩለት አባብዬ።

ዘንድሮ አንድ ካርድ ግን ሳልልጠው ቀረሁ።

ሙዘይን፣ ወንድሜ፣ በእናታችን ቤት ጉዳይ፣
ዘጠኝ ዓመት ሆነን፣ እሱ ጊንጆ፣ እኔ ሂርማታ፣
በአንድ ከተማ ዝናብ ስንረጥብ፣ ሳንተያይ።

«ኢድ ሙባረክ» አተምኩ። ጉሬዛዬን አተምኩ።
ከእግሩ ሥር፣ በክብሪት፣ ሦስት ፊደል ጻፍኩ፦
ይቅር።
እንደ ጫካ ክረምት አረንጓዴ አለበስኩት፤
ማንም አያነበው፣ በጣቱ ካልዳሰሰው፣ ካላሸበት።
ለአንድ ባጃጅ ነጂ ሰጠሁ። «ምን ልበልለት?» አለ።
«ምንም» አልኩት።

ከአረፋ ጀምሮ ቆጠርኩ።
አንድ ወር። ሁለት ወር። ሦስተኛው ተጋመሰ።
አሁን ቢነካው እንኳ፣ ቆዳው ነው የሚላጥ፣
ቃሌ ከነወረቀቱ። ልቤ ይህን እያሰበ አነሰ።

ለመውሊድ ዋዜማ ሚስቱ ደወለች፤
«ነገ ነይ» አለች፣ ሌላ አልጨመረች።

ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁ፣ ጭቃ ብቻ ነበር።
ካርዱ ግድግዳው ላይ ነው፣ ከሬዲዮኑ በላይ፣
በሚስማር። ጉሬዛው ከሩቅ ነው የሚታይ።
ቀረብኩ።

«ይ» ብቻ ነጭ ሆናለች።
ጠርዟ ተሻክሯል፣ ትንሽ ተቀድዳለች።
«ቅ» እና «ር» አረንጓዴው ሥር ናቸው፣ እንደተኙ።

ይ።
ይቆይ? ይብቃ? ይሂድ? ይሁን?
በዚህች ፊደል ስንቱ ይጀመራል!
ደግሞስ «ይቅር» ራሱ፣
ምሕረት ነው ወይስ መተው? ስጽፈው
እኔስ መች ለየሁት?

አልጠየቅሁትም። «ዝናቡ በዛ» አልኩ።
«በዛ» አለ።
ዳቦውን ቆርሶ ድርሻዬን ሲያቀብለኝ፣
አውራ ጣቱን አየሁ፣ ጥፍሩ ሥር
አረንጓዴ ፍርፋሪ፣
ገና ያልታጠበ።