ፀሐይ በአሥራ ሁለት

የተምር ካርቶን ቀደድኩ፣ በሰሐን ጠርዝ ለክቼ፣
ካረጀ አባያ ላይ አንድ ቁልፍ ፈትቼ፣
መሐሉን በመርፌ ወግቼ ሰፋሁት፤
ሁለት የአይስክሬም እንጨት፣ እጅ ብዬ ሰጠሁት።

ሙሐረቅ፣ ረቡዕ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ።
ነገ ፈተና አለ። እናቷ «አስጠኚያት» ብላኝ ወጥታለች፤
ሉልዋ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታለች።
«ረጅሙ ለምን ይሮጣል? አጭሩስ ለምን ይዘገያል?»
«አጭሩ ሽማግሌ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፤
ግን ሰው የሚጠይቀው መጀመሪያ እሱን ነው።»
ሶፋው ላይ ጋደም ያለው አያቷ ሻሂን
አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ መልሶ ከደነው።

ትንሹን ሰባት ላይ፣ ትልቁን አሥራ ሁለት ላይ አቆምኩ።
«ስንት ነው፣ በጠዋት?»
«ሰባት!» አለች ፈጥና።
«አንድ» አልኩ እኔ፣ ከአፌ አመለጠኝና።
«ዚነት ሰዓት አታውቅም!» ምንጣፉን በእግሯ ደበደበች።

እስቲ አንድ ሰው ይንገረኝ፣ ይህ እንዴት ይብራራል?
«እኛ ዘንድ» አልኳት፣ «ቆጠራው ሲነጋ ይጀምራል፤
ፀሐይ ከወጣች አንድ፣ ከወጣች ሁለት፣ እያልን።
እዚህ ግን ቀኑ የሚመጣው ሰው ሁሉ እንደተኛ ነው፣
በእኩለ ሌሊት፣ በጓሮ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እንደ ሌባ።
ማን አየው ሲገባ?»
«ማንም» አለች አስባ።

አልነገርኳትም፣ እኔም በመጀመሪያው ዓመት፣
ውጫሌ ያለችው ልጄ «ሁለት ላይ ደውዪ» ስትለኝ፣
የወጥ ቤቱ ሰዓት ሁለት ሲል ደወልኩ፤ ትምህርት ቤት ናት።
በእሷ ሁለት፣ እራት ተበልቶ፣ ስልክ ታቅፋ ስትጠብቀኝ፣
እኔ ድስት ስፈገፍግ ነበርኩ፣ እጄ እስከ ክንዴ አረፋ።
አንዲት ፀሐይ ናት። ደቂቃ እንኳ አንለያይም።
ቁጥሩ ነው እንጂ የጠፋ።

ከፋርማሲ የመጣው ካላንደር በር ላይ ተንጠልጥሏል።
«ወር ስንት ነው?» «አሥራ ሁለት!» «የኛ አሥራ ሦስት ይሆናል።»
«አሥራ ሦስተኛው ስንት ቀን አለው?» «አምስት። አንዳንዴ ስድስት።»
«ሕፃን ወር ነዋ!»
«ሕፃን ነው። ደሞዝ እንኳ አይከፈልበት።»
«ስሙስ?» «ጳጉሜ።»
«ባጉሜ» አለች። ደጋግማ ሞከረች፤ ከንፈሯ እምቢ አለ፤
ተውኳት፤ ሕፃን ወር ቁልምጫ ቢኖረው ምናለ።

«ዓመቱስ?» «ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት።»
ዓይኗ ፈጠጠ። ጣቶቿን ቆጠረች።
«እኔ የተወለድኩት በአሥራ ሰባት ነው!
እንግዲያ እናንተ አገር እኔ ገና ነኝ!»
ደስ አላት፣ ተነሥታ ዘለለች፤ ከዚያ በመሐል ቆመች።
«አያቴም እዚያ አልሞተችም። ገና አለች።»

የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ተሰማ።
ሻሂን ቀስ ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠ፤
መነጽሩን ፈለገ፣ ራሱ ላይ አገኘው፣ ካርቶኑን ከእጄ ወሰደ።
«ዚነት አልተሳሳተችም» አለ። «አባቴ ጀልባ ጠራቢ ነበር፤
ፀሐይ ባሕሩን ስትነካ፣ መጋዙን አስቀምጦ፣
የኪስ ሰዓቱን አውጥቶ፣ አሥራ ሁለት ላይ ያዞራት ነበር።
በየማታው። ሰዓቷ ናት የምትስት፣ ይል ነበር፣
ፀሐይማ መቼ ስታ ታውቃለች።
ኋላ ሬዲዮ መጣ፣ ቢሮ መጣ፣ ተውነው።»
በአውራ ጣቱ ሁለቱን እንጨቶች ገፍቶ
ጫፉ ላይ አገናኛቸው።
ውጭ የመግሪብ አዛን አለ።

ነገ ሉልዋ «ሰባት» ብላ ትጽፋለች፤ አስጠንቅቄያታለሁ፣
አንድን ለእኔ ብቻ ትታ።

ሰግዶ ሲመለስ ግን ሻሂን ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ፣
ፊቱን ወደ ካላንደሩ አድርጎ።
«በእናንተ አቆጣጠር» አለኝ፣ «ልትሞት ስንት ዓመት ቀራት?»
ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። በጣቴ ቆጠርኩ።
«ሰባት።»
«ሰባት» አለ። ቆየ።
ካርቶኑን በብብቱ ይዞት ኖሯል።