መቶ ይላል

ጥር ነው፣ ኬሚ ወደብ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
ባሕሩ ደንድኖ ሜዳ መስሎ ታየኝ።
አንድ የጭነት መርከብ፣ መብራቱን አብርቶ፣
ካርታዬን ይጠብቃል፣ መንገዱን አጥቶ።
ካርታው ደግሞ ገና ከምድር ቤት ሳይወጣ፣
በገመድ ያዘግማል፤ መጣ ስል አልመጣ።
አንዲት የሳተላይት ሥዕል እስክትወርድ ድረስ
ሻይ ጠጣሁ፣ ደገምኩ፣ ጀመርኩ ጥፍር መንከስ።

«ሊኑክስ አይዋሽም» አለኝ ኢልፖ ገብቶ፣
ከጫማው በረዶ ምንጣፌ ላይ ትቶ።
ከርነሉን አደሰ፣ ድራይቨሩን ቀየረ፣
ስዊቹን ሰደበ፣ ራውተሩን ጠረጠረ፣
በጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ ደረደረ።
ፒንግ ላከ፤ ተመለሰ። ደግሞ ላከ፤ መጣ።
አንድም እሽግ የለ በመንገድ የታጣ።

በመጨረሻ የኔትወርክ ካርዱን ራሱን ጠየቀው፤
«ስንት ትችላለህ?»
ሺህ።
«አሁን በስንት ነህ?»
መቶ።
አላፈረም። አልጮኸም።
ጎኑ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት
እንደ ወትሮዋ ጥቅስ ጥቅስ ትላለች።

ኢልፖ ሲያስረዳ በእጁ ይናገራል፤
ስምንት ጣት ዘርግቶ ሁለት ሁለት ያጣምራል።
«ሽቦው ስምንት ነው፤ ድር ቢያብር ነው ነገሩ፤
ሺህ የሚያልፈው ሁሉም ተባብረው ሲያድሩ።
አንዱ ሲበጠስ ግን ማሽን ከማሽን ይስማማል፣
በአራቱ ይሠራል፤ ለሰው ዝም ይላል።»

ከዚያ ገመዱን በጣቱ ይዞ
ግድግዳ ግድግዳውን በጉልበቱ ሄደ።
ካቢኔው ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።
የብረት እግሩ፣ ልክ ገመዱ አናት ላይ።
«ማነው ያዛወረው?»
እኔ።
በጥቅምት፣ ራይሊ ላትመለስ የሄደች ሰሞን፣
ጠረጴዛዋ ሲነሣ፣
ባዶው ቦታ ዓይኔን እንዳይወጋው ብዬ።
ውስጡ ያለውም የእሷ ነው፤
አርባ ክረምት በእርሳስ የሣለችው በረዶ።
ወረቀት እንዲህ ይከብዳል ብሎ ማን ገመተ?

ተጋግዘን አነሣነው።
ገመዱ እንደ ደረቀ ዓሣ ጠፍጥፏል።
አዲስ ቢጫ ገመድ፣ ቀጭ አለ ሲሰካ፤
ሺህ።
ወንበሬን ሳልስብ ሥዕሉ ደረሰ፤
ስንጥቁን በቀይ አሰመርኩ፤
መርከቡ በቀጭኗ መንገድ ገሰገሰ።

«አንተስ?» አለኝ ኢልፖ፣
ኮፍያውን ደፍቶ፣ የበሩን እጀታ ይዞ።
ከጥቅምት ወዲህ የጠየቀኝ የለም።
«መቶ» አልኩት።

በሩን መልሶ ዘጋና
ወንበር ሳበ።