ያዢ፣ ልቀቂ

ብስክሌቴ ስትመጣ በአውቶቡስ ጣሪያ፣
እግሯ ወደ ሰማይ፣ ትራሷ የሽንኩርት ጆንያ፣
ሁለት ቀን ተገልብጣ፣ በሲባጎ ታስራ፣
ዓባይን ተሻግራ፣ አዋሽ ላይ አድራ፣
ድሬ ላይ ስትወርድ ደህና መስላኝ ነበር።
ቀለሟ አልተጫረ፣ ጎማዋ አልጎደለ።
ፍሬኗን ጨበጥኩት፦
ምንም የለ።
መያዣው እንደ ሰፍነግ ሄዶ፣ ሄዶ፣ ከመሪው ደረሰ፤
ከመዳፌ ውስጥ አንድ እምነት ፈሰሰ።

ነገ ውድድር ነው፤ ደንገጎ፣ ደርሶ መልስ።
ሽቅቡስ ግድ የለኝም፣ ሳንባ አላጣሁም፤
ቁልቁለቱን ነው እንጂ በሕልሜም አላየሁም።
የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ፤ መንገዳችን ዝርግ፣
ፍሬን እኛ ዘንድ ለፍየል ነው፣ ወይ ለሠርግ።
ደንገጎ ግን፣ ይላሉ፣ ገደሉ ሰው አያስጠነቅቅም፣
የጫት መኪናም ሲከንፍ የማንንም ልጅ አይጠብቅም።

አሰልጣኝ ደባልቄ «የመኪና ፍሬን ዘይት ጨምሪበት» አለና
ጠርሙሱን ሰጥቶኝ ተኛ።
ከተማው ሁሉ ተኝቷል። ሱቁ ተዘግቷል፣ ውሻው ከጥላ አይነሣም፤
ከባጃጅ ነጂው ከኢብሳ በቀር የነቃ አላገኘሁም።
ብስክሌቴን ከኋላ ወንበር አስተኛት፣ እኔን ከጎኗ አጣጠፈኝ።
ደቻቱን ተሻገርን፤ ወንዝ ይሉታል፣
አሸዋ ነው የሚፈሰው።

ከዚራ፣ ከባቡሩ ግቢ አጥር ሥር፣ ከኒም ጥላ፣
ሽርጡን ሰብስቦ የተቀመጠ ሰው አለ፤ ሮብሌ ይባላል።
«በስንት ጣት ነው የምትይዢው?» አለኝ፣ ብስክሌቷን ሳያያት።
«በሦስት።»
«ፈሪ በሦስት ይይዛል። ላመነ አንድ ይበቃዋል።»
መያዣውን ጨበጠ፤ ጆሮውን አስጠግቶ እንደ ሐኪም አደመጠ።
«አየር ገብቷል» አለ። ሳቀ፤ አንድ የወርቅ ጥርስ አለው።
«ሠላሳ ዓመት ለባቡር አየር ስሞላ ኖርኩ፣
ባቡር በአየር ነው የሚያዝ። ያንቺዋ በአየር ትለቃለች?
እኔን ያበላኝ አንቺን ሊበላሽ! አላህ ያውቃል።»

የደባልቄን ዘይት አሸተተና ከአጥሩ ጥግ አኖረው፦
«ይሄ ጎሚኒዋን ይበላታል።»
ኢብሳን መጋላ ላከው፤ ይዞ መጣ ሁለት ስሪንጅ፣
አንድ ጠርሙስ የሕፃን ቅባት፣ ከላዩ የሚስቅ ልጅ።

አንዱን ስሪንጅ ከታች፣ ሌላውን ከእጄ አጠገብ ተከለ።
«ያዢ!» ይላል። እይዛለሁ። «ልቀቂ!» እለቃለሁ።
ቅባቱ በቀጭኗ ቱቦ ሽቅብ ሲወጣ አረፋው ተከተለ፣
አንድ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ፣
አምባዛ ከሐይቁ ጭቃ ሥር ሲተነፍስ እንዳለ።
«አለቀ» አልኩ።
«አላለቀም።» በማንኪያ እጀታ ቱቦዋን ኳ፣ ኳ አደረገ፣
አንዲት የተደበቀች፣ ጤፍ የምታክል፣ ብቅ አለች።
«እቺ ናት ገዳይሽ» አለ።

በአጥሩ ቀዳዳ ሐዲዱ ይታያል፤ ዝጓል፣ ሣር በቅሎበታል።
«ባቡሩስ?» አልኩት።
«ቆመ።»
ስሪንጁን ወደ ብርሃን ዘርግቶ ብዙ ቆየ።
«በኔ ፍሬን አይደለም የቆመው።»
ሌላ አልጨመረም። እኔም አልጠየቅሁ።
«ያዢ!»

ሲመሽ መያዣው ድንጋይ ሆነ።
ከዛፎቹ ሥር ለቀቅኋት፤ አንዲት ሰማያዊ ፔጆ
ከመታጠፊያው ዘው ስትል በአንድ ጣት ቆምኩ።
ሹፌሩ ሰደበኝ፤ ደስ አለኝ።
ሮብሌ፣ ሂሳብ ስለው፣ የተረፈውን ቅባት አነሣ፦
«ለልጅ ልጄ። ዛሬ አርባዋ ነው።»

ጠዋት።
ደንገጎ ጫፍ ላይ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው።
ስንተኛ እንደሆንኩ አላውቅም፤ ከፊቴ ያሉት ብዙ ናቸው።
ድሬ ከታች በአቧራዋ ውስጥ ትጨሳለች፣
እጄ ሕፃን ሕፃን ይሸታል።
መታጠፊያው መጣ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ሰማይ ብቻ።
አንድ ጣት።
ያዢ።

ልቀቂ።